የሠሪው ስም ይጻፍ!

«ዘፈኑ ካማረ ማንም ይጫወተው፤ እኛን ምን ገደን?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኛ ግን ይገደናል እንላለን። ምክንያታችንንም በአንድ የታወቀ የሮክ ሸክላ እናስረዳለን።

ዘ በርድስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ የቦብ ዲላንን ድርሰት «ሚስተር ታምበሪን ማን»ን በጥር ወር 1965 እ.ኤ.አ. ሆሊዉድ ውስጥ አስቀረጸ። ሸክላው በዚያው ዓመት በአሜሪካም በብሪታንያም አንደኛ ወጣ። በአልበሙ ሽፋን ላይ አምስት ወጣቶች ቆመው ይታያሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ቀረጻ ከአምስቱ መካከል መሣሪያ የተጫወተው ባለ 12 ክር ጊታሩን የያዘው ሮጀር መጊን ብቻ ነበር፤ ጂን ክላርክና ዴቪድ ክሮስቢ በድምፅ አጀቡት። አዘጋጁ ቴሪ ሜልቸር የቀሩትን ገና አልበሰሉም ብሎ ስላላመናቸው፣ ድራሙን ሃል ብሌን፣ ቤዝ ጊታሩን ላሪ ኔክተል፣ ሁለተኛውን ጊታር ጄሪ ኮል ተጫወቱ። ሦስቱም ለቀረጻ የሚቀጠሩ ሙዚቀኞች ነበሩ። ስማቸው ግን በሽፋኑ ላይ አልወጣም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

«ዋጋቸውን ተቀብለዋል፤ ታዲያ ምን ቀረባቸው?» ይባል ይሆናል። ዋጋ የተከፈለው ለጉልበታቸው ነው፤ ስማቸውን የሸጠ ግን የለም። ደግሞም ስም መደበቁ የጎዳው ተቀጣሪዎቹን ብቻ አይደለም። ምስጢሩ ሲወጣ ብዙ አድማጭ አልበሙን በሙሉ ሌሎች ሰዎች ተጫወቱት ብሎ አመነ። ይህም ስሕተት ነው። በዚያ ቀን የተቀረጹት ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው፤ በቀሩት ላይ ቤዙን ክሪስ ሂልማን፣ ድራሙን ማይክል ክላርክ ራሳቸው ተጫውተዋል። ስለዚህ አንዱ ሐሰት ሁለቱን ወገን በደለ፤ የሠራው ሳይመሰገን ቀረ፣ በእውነት የተጫወተውም ተጠረጠረ።

እውነቱን ማግኘት ከባድ አይደለም። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር የክፍያ ውሎች ማን በየትኛው ቀን እንደ ሠራ ይመሰክራሉ። ጆሮም ይመሰክራል። ቢትልስ በ1962 «ላቭ ሚ ዱ»ን ሲቀርጹ መስከረም 4 ቀን ድራሙን ሪንጎ ስታር፣ መስከረም 11 ቀን ግን አንዲ ዋይት መታው፤ በዚህኛው ቀን ለሪንጎ የተሰጠው ታምበሪን ነበር። እንግዲህ ታምበሪን የሚሰማበት ቅጂ የዋይት ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ወደ ራሱ ይመለስ። መጠይቅ ይዞ በየመንደሩ የዞረው፣ ቁጥሩን የደመረው፣ ረቂቁን ሌሊት የገለበጠው ተማሪ ስሙ ከጥናቱ ሽፋን ሲቀር ዝም የምንል ከሆነ፣ ከሸክላ ነጋዴው በምን እንሻላለን? መምህራን ሆይ፣ የሠራውን ጻፉ! ተማሪዎች ሆይ፣ ባልሠራችሁት ላይ ስማችሁን አታኑሩ!