ሁለተኛውን ሰልባትዮ አትንቀሉት

በወለጋ መንገድ ባለ ቤንዚን አሮጌ ላንድክሩዘር የሚነዱ ሰዎች ሰሞኑን የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ካርቡራቶሩን አውልቄ ኢንጀክሽን ባስገባለት ያዋጣኛል? ያዋጣል። ጥያቄው የበዛበትም ምክንያት አለው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በ47 ብር ከ83 ሳንቲም ይቀዳ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በጥር 2017 ከ100 ብር አልፏል። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ ግድ ሆኗል።

የእኛ መንገድም ኢንጀክሽን የሚፈልግ መንገድ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ታልፋለች። ከዚያ ቁልቁል ዴዴሳ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀት ይቀበላል፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ እስከ ጊምቢ ዳገት ነው፤ መንገዱ ከዚያ ወደ ቢላ ይቀጥላል። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶር በአንድ መጠን የተበጀ ቀዳዳ ስላለው ሽቅብ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይደክማል። ኢንጀክሽን ግን የአየሩን ግፊትና ሙቀት በሴንሰር እየለካ የሚረጨውን ቤንዚን በየቅጽበቱ ያስተካክላል። ቶዮታም 3ኤፍ የተባለውን ባለ 4 ሊትር ሞተር መጀመሪያ በካርቡራቶር፣ ኋላ ደግሞ 3ኤፍ-ኢ ብሎ በኢንጀክሽን አውጥቶታል። ሞተሩ ይችላል።

ችግሩ ከኮፈኑ ሥር አይደለም፤ ከወንበሩ ኋላ፣ ከሻንሲው ሥር ያለው ሰልባትዮ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ነው።

ባለፈው የቡና ወቅት ነቀምቴ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከቢላ ቡና የሚያመላልሱ አዛውንት ባለ ሁለት ሰልባትዮ ፒክ አፓቸውን ኢንጀክሽን ሊያስገቡለት ይዘው መጥተው ነበር። ወጣቱ መካኒክ ከሥር ገብቶ ወጣና፣ «ጋሼ፣ አንዱን ሰልባትዮ ብንነቅለው ይቀለናል፤ በአንድ ቀን አስረክብዎታለሁ» አላቸው። እሳቸውም፣ «እሱን ከነቀልከውማ ጊምቢ ማደያው የደረቀ ዕለት በምን ልነዳ ነው?» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ሰልባትዮዎች ተደምረው 180 ሊትር የሚይዙ ላንድክሩዘሮች አሉ። በዚህ አገር ያ መጠን ቅንጦት አይደለም፤ ነዳጅ ሲጠፋ በጥቁር ገበያ በላስቲክ ከሚሸጥ ቤንዚን የሚያድን ስንቅ ነው።

መካኒኩ ለምን መንቀል እንደፈለገ ግን ይገባኛል። የካርቡራቶር ፖምፓ ቤንዚኑን የሚገፋው ከግማሽ ባር በታች በሆነ ግፊት ነው። ኢንጀክሽን 3 ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ፖምፓውም ሞተሩ ከሚያቃጥለው አብልጦ ይገፋና ትርፉን በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮ ይመልሳል። ለዚህ ሥራ ከሚገዙት ፖምፓዎች ብዙዎቹ በሰዓት 250 ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ 4 ሊትር ማለት ነው፣ ይገፋሉ። ቤንዚኑ ከቀኙ ሰልባትዮ ተስቦ ትርፉ ወደ ግራው የሚመለስ ከሆነ ቀኙ በሃያ ደቂቃ አካባቢ ባዶ ይቀራል። ግራው ቀድሞ ሞልቶ ከነበረ ደግሞ ይፈሳል። እንዲህ የተገጠመ መኪና አይቻለሁ፤ ቤንዚኑ ከክዳኑ እየወረደ በቀዩ አቧራ ላይ ንጹሕ መስመር ሠርቶ ነበር። ጥቂት ዝቅ ብሎ የጋለ የጭስ ማውጫ ቱቦ አለ። አሜሪካ ውስጥ ፎርድም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለ ሁለት ሰልባትዮ ፒክ አፖቹን በዚሁ ዓይነት ችግር ለጥገና ጠርቷል።

መፍትሔው አለ። አንዱ፣ መሳቢያውንና መመለሻውን አብሮ የሚቀይር ባለ ስድስት አፍ ቫልቭ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቁልፍ ስትነካ ሁለቱም መስመሮች እኩል ይዞራሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቫልቩ ግማሽ መንገድ ላይ ከነከሰ ያው መፍሰስ ይመጣል፣ መለዋወጫውም እዚህ በቀላሉ አይገኝም። እኔ ለቢላ መንገድ የምመርጠው ሌላውን ነው። ኢንጀክሽኑ ከዋናው ሰልባትዮ ብቻ ይሳብ፣ ወደ ዋናው ብቻ ይመለስ። ሁለተኛው ዝቅተኛ ግፊት ያላት የራሱ ትንሽ ፖምፓ ይኑረውና ዋናው ሲጎድል ይሙላው። ትንሿ ፖምፓ ብትቃጠል እንኳ በጎማ ቱቦ ስቦ በጄሪካን መገልበጥ ይቻላል። ሹፌሩ ጌጁን እያየ ዋናው ሲሞላ ትንሿን ፖምፓ ማጥፋቱን መርሳት የለበትም፤ ከዚህ በተረፈ በማስተላለፊያው በኩል የሚያሳስብ ነገር አይታየኝም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዋናው ሰልባትዮ ውስጥ ፖምፓው የሚቀመጥበት ትንሽ ገንዳ ይሠራለት። ካርቡራቶር በሆዱ የያዛት ቤንዚን ነበረችው፤ ኢንጀክሽን ግን ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፖምፓው አየር ከሳበ ወዲያው ይጠፋል፣ ይህም የሚደርሰው ጭነት ይዘው ከዴዴሳ ሲወጡ ነው። ሌላው ፊልትሮ ነው። በጄሪካን የተቀዳ ቤንዚን ውሃና አፈር አያጣም፤ ካርቡራቶር ተፈቶ በአፍ ይነፋል፣ ኢንጀክተር ግን ከተደፈነ መንገድ ላይ የሚያጸዳው የለም። ባትሪም ከሞተ እንደ ድሮው ገፍቶ ማስነሳት ይቸግራል፤ ይህን ባለመኪናው አስቀድሞ ይወቅ።

ሥራውን ስትረከቡ ሁለቱንም ሰልባትዮ ግማሽ አድርጋችሁ በንጹሕ እንጨት ለኩ። ትንሿን ማስተላለፊያ ፖምፓ አጥፍታችሁ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል በቆመበት አሠሩትና መልሳችሁ ለኩ። ሁለተኛው ከፍ ካለ ወይም ዝቅ ካለ የቀረውን ገንዘብ አትክፈሉ፤ መኪናው ተመልሶ የጋራዡ ጉድጓድ ላይ ይቁም።