ሞልቶ የማይነቀል ባትሪ



የዚህን ወር ዓምዳችንን እዚህ ኩልመስክ በገዛ ቤታችን በደረሰ ነገር እንጀምራለን። ታላቅ እህታችን በሰው አገር ሠርታ ካጠራቀመችው ላይ አንድ ታብሌት ልካልን ነበር። እኛም ኪቦርድ ገዝተን ገጠምንለትና የቤቱ ኮምፒዩተር አደረግነው። ቀን የተማሪዎቻችንን ውጤት እንሞላበታለን፤ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድማችን ያጠናበታል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በኪቦርድና በስክሪን መለማመድ ለገጠር ልጅ ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል።

ይህንን ታብሌት ታዲያ ከሶኬት ነቅለነው አናውቅም ነበር። እናታችንም «ልጆቼ፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ሞልቶ ይቀመጥ እንጂ» ትለን ነበር። ምክንያት አላት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ሲገባ መብራት ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ በጨለማ መቀመጣችንን ማን ይረሳል? ያንን ያየ ሰው መብራት ባለ ጊዜ ሁሉን ነገር ሞልቶ ማስቀመጥ ይወዳል።

ከዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን የስክሪኑ ጠርዝ ከክፈፉ ተነስቶ አየን። ማጣበቂያው የለቀቀ መስሎን በአውራ ጣታችን ጫን አደረግነው፤ ተመልሶ ተነሳ። ላሊበላ ወዳለ ጠጋኝ ስንወስደው ገና እንዳየው «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ያበጠ ባትሪ ነው! እንኳን አልተጫኑት፤ ሊቀጣጠል ይችል ነበር» አለን። እኛም መጫናችንን ሳንነግረው ዝም አልን። ይህ ዕቃ ሌሊት ሌሊት ልጆች በሚተኙበት ክፍል ተሰክቶ ያድር እንደነበር ስናስብ ግን እንቅልፍ አጣን። አዲሱ ባትሪ ከወልዲያ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ወንድማችንም ፈተናው እየቀረበ ያለ መለማመጃ ቀረ።

ለመሆኑ ጥፋታችን ምን ነበር? መንከባከብ የመሰለንን ማድረጋችን ነው። በስልክና በታብሌት ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ለሥራው መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤልን ሽልማት በኬሚስትሪ ተቀብለዋል። ባትሪው ሲሞላ ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 4.2 ቮልት ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ መበላሸት ይጀምራል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ብልሽቱ ይፈጥናል። ከዚህ ብልሽት የሚወጣው ጋዝ መውጫ ስለሌለው ባትሪውን ያሳብጠዋል።

እርግጥ ነው፣ ታብሌቱ መቶ ሲደርስ መሙላቱን ራሱ ያቆማል። ይሁን እንጂ እንደተሰካ ከቆየ ትንሽ በጎደለ ቁጥር መልሶ ስለሚሞላው፣ ባትሪው ወራቱን ሁሉ ከጫፍ ላይ ሳይወርድ ይኖራል። በሰፊው በሚታወቀው ግምት መሠረት፣ ባትሪ ሙሉ እንደሆነ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት ቢቀመጥ የመያዝ አቅሙ ወደ 80 ፐርሰንት ይወርዳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከሆነ ወደ 65 ያሽቆለቁላል። በ40 ፐርሰንት ሙሌት በ25 ዲግሪ የተቀመጠ ግን 96 ያህሉን ይዞ ይቆያል።

«ባትሪ ጨርሶ ካልሞተ አይሰካም» የሚሉም አሉ። ይህ ለቀድሞዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ይነገር የነበረ ምክር ነው። የዛሬዎቹን እስከ ዜሮ ማውረድ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው፤ የሚስማማቸው መካከለኛው ነው።

እንግዲህ ታብሌትን እንደ ኮምፒዩተር የምትጠቀሙ ቤተሰቦች የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በታብሌታችሁ ማስተካከያ ውስጥ ስለ ባትሪ የሚለውን ክፍል ክፈቱ። በብዙ የሳምሰንግ ታብሌቶችና እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በወጡ አይፓዶች ላይ ሙሌቱን በ80 ወይም በ85 ላይ የሚያቆም ምርጫ አለ። እሱን ካበራችሁት ተሰክቶ ቢውልም ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ይህ ምርጫ ከሌለው በእጃችሁ ሥሩት። 30 ገደማ ሲደርስ ሰክታችሁ 80 ገደማ ላይ ንቀሉት። በእኛ ቤት ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ይሰካል፤ ለዒሻእ የተነሳ ሰው ይነቅለዋል።

ሦስተኛ፣ ሙቀትን አርቁለት። አገራችን ደጋ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስና ወፍራም መሸፈኛ ማንኛውንም ዕቃ ያግላሉ። እኛም መስኮት ሥር ነበር ያስቀመጥነው።

አራተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ። ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ዕቃን ያተርፋል።

አምስተኛ፣ ሳይሠራ የሚቀመጥ ታብሌት ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ጠፍቶ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ወሩም ይታይ። ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ያህል ታብሌቶች ከተገዙ በኋላ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. መራዘሙ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ዕቃ በአደራ የተረከበ መሥሪያ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ባትሪም እንደሚያረጅ ማወቅ አለበት።

ስድስተኛ፣ ስክሪኑ ወይም ጀርባው ካበጠ ወዲያው ንቀሉ፣ አጥፉ፣ ከልጆችና ከሚቀጣጠል ነገር አርቁ። አትጫኑት፤ አትብሱት፤ ከእሳት ውስጥ አትጣሉት። ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

«ታዲያ የእናታችሁ ስጋትስ?» ትሉን ይሆናል። ስጋቷ ትክክል ነው። ነገ መብራት እንደሚቋረጥ ከተነገረ ወይም የክረምት ነጎድጓድ ከከበደ፣ የዚያን ዕለት እስከ መቶ ሙሉት። አንድ ሌሊት ሞልቶ ማደሩ አያሳብጠውም፤ የሚጎዳው ወራትን ሞልቶ መኖሩ ነው። ደግሞም በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ኮምፒዩተር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም ይዞ ይሄዳል። ታብሌት ግን በባትሪው ይቀጥላል። ለኛ አገር ያመቸው በዚሁ ባትሪ ነውና፣ ባትሪው ከሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ ዕቃ ብቻ ይቀርልናል።

ለእህታችን የሆነውን የነገርናት ዘግይተን ነው። አልተቆጣችም፤ «የላክሁላችሁ እንድትሠሩበት እንጂ እንድትሰስቱለት መች ሆነና? ለምን ቀድማችሁ ሰው አልጠየቃችሁም?» አለች እንጂ። መልስ አልነበረንም። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት፣ በቤታችሁ ተሰክቶ የሚያድረውን ዕቃ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።