«የሸኖ ነው» የማይባል ቅቤ የለም

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። በከተማችን ስለ መዋቢያ ንግድ ሲወራ ነጋዴው ቶሎ ትዝ የሚለው ከዱባይና ከቻይና የሚመጣው ካርቶን፣ የቀረጡ ነገርና የዶላሩ ምንዛሪ ነው። በየጓዳው ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የውበት መጠበቂያ ግን ከንግድ አይቆጠርም። ለጋ ቅቤው፣ እንሶስላው፣ ወይባው፣ እሬቱ፣ አብሹ፣ ተልባውና የጥቁር አዝሙድ ዘይቱ «የሴቶች ጉዳይ» ተብሎ ይታለፋል። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ይህ የሴቶች ጉዳይ የተባለው ትልቅ የገበያ ጉዳይ መሆኑን፣ ገበያው የጎደለውም ገዢ ሳይሆን እምነት መሆኑን ማሳየት ነው።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ልጅ ሠርግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ለሙሽራዋ ፀጉር የሚሆን ለጋ ቅቤ ገዝቼ እንድመጣ ታዘዝኩ። ከአንድ ገበያ ገብቼ ሁለት ኪሎ አስመዘንኩ። «የሸኖ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ሻጯ ያለ ማመንታት «አዎ ጋሼ፣ የሸኖ ለጋ ነው» አሉኝ። ቤት ደርሶ ጥቂቱ እሳት ላይ ሲቀልጥ ግን ከላይ ቅባት፣ ከታች ውሃ፣ ከመሐል ደግሞ እንደ ገንፎ የረጋ ነገር ታየ። እህቴ ድስቱን አውርዳ ደጅ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ተመልሼ ብወቅሳቸው ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ አልካዱምም። «ጋሼ፣ እኔም የገዛሁት ከአምጪ ነው፤ እሱም ከሰብሳቢ ነው የገዛው። ሸኖ ካላልኩ ደግሞ የሚገዛኝ የለም። ለፀጉር ከሆነ ግን ምን ቸገረዎት?» አሉኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ የገበያው ችግር በሙሉ አለ። አንደኛ፣ «ሸኖ» በደሴ መንገድ የምትገኝ ከተማ ስም መሆኑ ቀርቶ የዋጋ ስም ሆኗል። ገዢው የሚከፍለው ለቃሉ እንጂ ለቅቤው አይደለም። ሁለተኛ፣ «ለፀጉር ነው» ማለት «ለወጥ የማይሆነው ይበቃል» ማለት ሆኗል። ለአናት የሚቀባው ለጋና ንጹሕ መሆን ሲገባው፣ ገበያው የቆየውንና የተቀላቀለውን ወደ ፀጉር ገዢ ይገፋዋል።

ገዢውስ አለ ወይ?

ገዢው መኖሩን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ሙሽራ ስትዳር፣ አራስ ስትታረስ፣ ዓመት በዓል ሲደርስ፣ ሹሩባ ሲፈታና ሲሠራ ቅቤ ይገዛል። ለማስረዳት ያህል እንዲህ እናስላ። አንዲት ሴት ለፀጉሯ በወር ሩብ ኪሎ ብቻ ተጠቀመች እንበል። በዓመት 3 ኪሎ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ 100,000 ሴቶች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ቢኖሩ 300,000 ኪሎ፣ ማለትም 3,000 ኩንታል ቅቤ ይሆናል። ስሌቱ ግምት ነው፤ ነገር ግን የትኛውም የቅቤ ነጋዴ በመጠኑ አይስቅም። ይህ እንግዲህ ቅቤ ብቻ ነው፤ እንሶስላው፣ የወይባው እንጨትና ዘይቱ ገና አልተደመረም።

የውጪው ምርት ዋጋም ለአገር ቤቱ መንገድ ጠርጓል። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ መዋቢያዎች ይገኙበት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እገዳው ተነሣ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ቀድሞ ዕቃው ስለማይገባ የተቸገረችው ደንበኛ አሁን ዕቃው ገብቶ ዋጋው ራቃት። ወደ እናቷ ጓዳ ፊቷን ብትመልስ አያስገርምም።

ችግሩ እናቷ ጓዳ ውስጥ የነበረው ጊዜ እሷ ዘንድ የለም። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ የቢሮ ሠራተኛ እንሶስላ ወቅጣ፣ እጅና እግሯን ጠቅልላ ልታድር፣ አብሽ ዘፍዝፋ ልታጠልል አትችልም። ስለዚህ የተዘጋጀውን ትገዛለች። ሽሮና በርበሬ ከጓዳ ወጥተው በባልትና ሱቅ በላስቲክ ታሽገው መሸጥ የጀመሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የውበቱ ባልትናም በዚያው መንገድ ላይ ነው። በየፀጉር ቤቱ መደርደሪያ ላይ የምናየው ስም የለሽ ጠርሙስ ምልክቱ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው የሚናገር ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ የለበትም።

የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ ደህና ነው ወይ?

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። «ከተፈጥሮ የተሠራ ነው» የሚለው ቃል እንደ ዋስትና ይሸጣል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ቅቤ ደረቅና ጥቅልል ፀጉርን ቀብቶ እርጥበቱን ይጠብቅለታል፤ ይህ እናቶቻችን በልምድ ያወቁት እውነት ነው። ለጋ ቅቤ ውስጥ ግን ውሃና የወተት ቅሪት ስላለ ቶሎ ይበላሻል። የእሬትም ሆነ የአብሽ ውሃ መከላከያ ካልገባበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ውሃ ያልነካው ንጹሕ ዘይት ግን በደንብ ከተከደነ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት ይህችን አንዲት ልዩነት ቢያውቅ ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ኩል ከእርሳስ ማዕድን ከተፈጨ ለዓይንም ለሕፃናትም አደገኛ ነው። ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል። ሒና ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ሲቀላቀልበት ቆዳ ያቆስላል። እነዚህን እያወቀ ዝም የሚል ነጋዴ ዛሬ አንድ ጠርሙስ ይሸጥ ይሆናል፤ ነገ ግን የመላውን ገበያ ስም ያጠፋል። አንዲት ደንበኛ ስትቆስል የምትሸሸው ከአንዱ ሻጭ ሳይሆን ከጠቅላላው የአገር ቤት ምርት ነው።

ስም ገንዘብ ነው

በስም እንዴት እንደሚነገድ ከራሳችን ቡና መማር እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሣች። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተፈጠረው ክርክር ብዙ አነጋግሮ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። በስሙ ላይ ያን ያህል ሙግት የተነሣው ስሙ ራሱ ዋጋ ስላለው ነው። «ሸኖ»ም በአገር ውስጥ ገበያ እንዲሁ ያለ ስም ነው። ልዩነቱ የቡናውን ስም የሚጠብቅለት ሲገኝ የቅቤውን ስም ማንም እንደፈለገ ይለጥፈዋል። የሸኖ አካባቢ ገበሬ ሴት በስሟ ሌላው ሲያተርፍ ቆማ ታያለች።

ባለቤት ያጣ ዕውቀት ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ እንዶድ ይነግረናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ምርምር ጀመሩ፤ ቢልሃርዚያን በሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ላይ ባደረጉት በዚህ ሥራም እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ቶሌዶ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ ፍጥረታትን ለመግደል የሚውልበትን መንገድ በራሱ ስም በፈጠራ መብትነት አስመዘገበ። የልብስ አጣቢዎቹ እናቶች ከዚህ ምን አገኙ? እኛ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ይህን ሲያነብ አንዳንዱ ባለሀብት ወዲያው ስለ ኤክስፖርት ማሰብ ይጀምራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆንበት እሰጋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ እንኳ ከእኛ ዓይነት አገሮች የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። መዋቢያ ለመሸጥ ደግሞ እዚያው ኅብረቱ ውስጥ የሚገኝ ኃላፊና የደህንነት ግምገማ ሰነድ ይጠይቃል። መጀመሪያ የአዲስ አበባን ደንበኛ ማሳመን ያቃተው የብራስልስን አያሳምንም።

እኔ የምለው ከቀላሉ እንጀምር ነው። ገበያው ቅቤን ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብሎ መለየት ያውቃል፤ የጎደለው ይህን ልየታ በጽሑፍ አስፍሮ በስሙ የሚጠየቅ ነጋዴ ነው። አንድ አከፋፋይ ከታወቁ ገበሬ ሴቶች ወይም ከማኅበራቸው በቀጥታ ቢረከብ፣ በደንበኛው ፊት ጥቂቱን አቅልጦ ቢያሳይ፣ በሩብና በግማሽ ኪሎ አሽጎ ቦታውንና ቀኑን ቢጽፍበት ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልገውም። ሚዛን፣ ማቀዝቀዣ፣ ማሸጊያና ሐቀኛ ስም ይበቃዋል። ዘይት ጨማቂውም እንዲሁ። ለእንሶስላና ለወይባ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። አንዱ ሥሩ ተቆፍሮ፣ ሌላው እንጨቱ ተቆርጦ ስለሆነ የሚሸጠው፣ ከጫካ ብቻ እየነቀለ የሚነግድ ሰው ነገ የሚነግድበት አይኖረውም። የሚተክል ያስፈልጋል።

ከመንግሥትም የምንጠብቀው አለ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችንም ይመለከታል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ሆኖም ለትልቅ ፋብሪካ የተሠፋ ልብስ በጓዳዋ ለምትሠራ ሴት ይሰፋታል። ለአነስተኛ አምራች የሚሆን አጭርና ርካሽ የምዝገባና የፍተሻ መንገድ ቢከፈት ስም የለሹ ጠርሙስ ስም ያገኛል። ካልተከፈተ ግን ሐቀኛዋ ከገበያ ትወጣለች፤ አጭበርባሪው ይቀራል።

«ማሸጊያና ጽሑፍ ዋጋ ይጨምራል፤ ድሃዋ ምን ትሁን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ድሃዋ ዛሬም እየከፈለች ነው። ከኪሎው ውስጥ ውሃ የሆነውን ያህል በቅቤ ዋጋ ገዝታለች። ጥቂት ጨምራ ሙሉ ኪሎ ብታገኝ ያተረፈችው እሷ ናት።

ወደ ቅቤ ሻጯ ልመለስ። ሴትዮዋ አታላይ አይመስሉኝም። እውነቱን ቢናገሩ የማይሸጡበት ገበያ ውስጥ ተቀምጠው፣ የልጆቻቸውን እንጀራ የሚያገኙት በአንድ ቃል ነው። «ይህ የሸኖ አይደለም፤ የሌላ አካባቢ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው» ብለው በተገቢ ዋጋ የሚሸጡበት ቀን ከመጣ፣ ያን ጊዜ የውበቱ ባልትና ገበያ ሆነ ማለት ነው። እስከዚያው ግን ቅቤ ገዢ ሆይ፣ ከመክፈልህ በፊት ጥቂቱን አቅልጠው እንዲያሳዩህ ጠይቅ።