እጁን እየፈለጉ፣ ዐይኑን እየፈሩ

በመተማ ዮሐንስ ከተማ፣ ወደ ገላባት በሚያሻግረው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በተመታች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የእጅ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ባለፈው ጥቅምት፣ የሰሊጡ ነዶ በየማሳው ቆሞ በሚደርቅበት፣ የቀን ሠራተኛውም ደመወዙን ተቀብሎ ገበያውን በሚያጥለቀልቅበት ሰሞን፣ ስልኬ ከቆላው ላብና አቧራ የተነሣ አልናገር ብሎኝ ወደ እርሱ ብገባ፣ ተራዬ እስኪደርስ በአንዲት ዱካ ላይ ተቀምጬ የእርሱን እጅና የሰዉን ሁኔታ ስመለከት ግማሽ ቀን አሳለፍሁ። ካቻቢቴው ከስንደዶ የቀጠነ ነው፤ የፈታቸውን ብሎኖች፣ እያንዳንዳቸው ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡትን፣ በወጡበት ቅደም ተከተል በማግኔት ላይ ይደረድራቸዋል፤ ካውያውን ከማስጠጋቱ በፊት ትንፋሹን ይይዛል፤ ጢሱ ሽቅብ ሲል ብቻ ይተነፍሳል። በዚያች ቅጽበት ከተማው ቢቃጠል የሚሰማ አይመስለኝም።

የሚገባው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች አንዲት ሱዳናዊት የቤቷ ሥዕል ሁሉ ያለበትን ስልክ ስታቀብለው በዓረብኛ አጽናናት፤ ቋንቋውን የተማረው ከደንበኞቹ ነው። ከኮኪት የመጣ አንድ ገበሬ ግን ስልኩን ከሰጠው በኋላ እጁን እንደያዘው ቀርቶ፣ «ኢንጂነር፣ አደራህን ፎቶውን እንዳታይብኝ፤ ልጆቼ አሉበት» አለው። «አያ፣ እኔ የማየው የቦርዱን መስመር ነው» ብሎ መለሰለት። ገበሬው አላመነም፤ ሥራው እስኪያልቅ ዐይኑን ሳይነቅል ቆሞ ጠበቀ፤ ከፍሎ ሲወጣም በር ላይ ለቆመው ጓደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሐከር ናቸው እኮ፤ ሳይነኩህ ይወስዱብሃል» ሲል ሰማሁት።

ይህችን አነጋገር እኔ በሌላ ስም አውቃታለሁ። በልጅነቴ፣ በደጋው አገር፣ እናቶቻችን ወደ ቀጥቃጩ ቤት ማረሻ ይዘን ስንላክ፣ «ፊቱ ቆማችሁ አትብሉ፤ ሳይነካችሁ ይበላችኋል» ይሉን ነበር። ጥበብ ከሚለው ከአንዱ የግእዝ ሥር ሁለት ልጆች ተወልደዋልና፤ አንደኛው ጠቢብ ተብሎ ከሰሎሞን ጋር በዙፋን ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ጠይብ ተብሎ ከከሰሉና ከወናፉ ጋር ወደ መንደር ዳርቻ ተገፋ። በጎንደር ዙሪያ ማረሻውን ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላውን ሲሠሩ፣ ሸማውን ሲሸምኑ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስም ከማንም ይልቅ ተሸክመውታል፤ ባላገሩ በሠሩት ማረሻ አርሶ፣ በሠሩት ጋን ጠምቆ፣ ማታ ልጁ ሲያመው ጥርጣሬውን በዚያው በሠራለት ሰው ላይ ይጥል ነበር። በ1977 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰዱት መካከል ብዙዎቹ ይህንኑ የምዕራብ ቆላ በእግራቸው አቋርጠው፣ በመንገድም ብዙ ሬሳ ቀብረው የሄዱ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ስንት እጅ እንደሄደ የገባን ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዶቻችንማ ዛሬም አልገባንም።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይኸው ቆላ በታሪካችን ውስጥ ለጠይብ ከሁሉ የበለጠ የጓጓውን ንጉሥ ማፍራቱ ነው። የቋራው ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠ በኋላ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የአውሮፓ ሰዎች መድፍ አቅልጠው ይሠሩለት ዘንድ አስጨነቃቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ሲፈስስም ደስታው መጠን አልነበረውም፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላም፣ መንገድ እያስጠረበ፣ ገደሉን እያስናደ፣ አንዳንዴም በገዛ እጁ ድንጋይ እያነሣ፣ ወራት ፈጅቶ አስጎተተው። ነገር ግን በጥሞና ብንመረምረው ንጉሡ የወደደው መድፉን እንጂ መድፍ ሠሪውን አልነበረም፤ ሠሪዎቹ ከመድፉ ኋላ የተጓዙት እንደ ክቡር ሊቃውንት ሳይሆን እንደ ንብረት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ሲከለክሉ፣ ቀጥቃጩን ጠይብ ማለትን ጭምር ነውር ሲያደርጉ፣ ከቴዎድሮስ አንድ እርምጃ አልፈዋል እላለሁ፤ ሰዓት ፈትቶ መግጠም የሚወዱ ንጉሥ ስለ ነበሩ ነገሩን ከውስጡ ያውቁታል። ዐዋጁ ግን አፍን እንጂ ልብን አይገዛም፤ ከእርሱም በኋላ እናቶቻችን «ፊቱ ቆማችሁ አትብሉ» ማለታቸውን አልተዉም።

በቀለሙ በኩል ያለው ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም። በአብነቱ ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብን የያዘ ተማሪ ሁሉን ረስቶ በጣቱ አንጓ ሲቆጥር ይውል ነበር፤ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ፣ ከቀሪው አንድ ቀንሶ ወንበሩን አግኝቶ፣ ከዚያ አበቅቴውንና መጥቅዑን ያወጣል፤ ለ2018 ዓ.ም. አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ሲሆን፣ ሁለቱ በየትኛውም ዓመት ቢደመሩ 30 መሆናቸውን ያገኘ ልጅ የሚሰማው ተድላ በቁራሽ የሚለወጥ አይደለም። ከዚህ በኋላ መስከረም 18 የሚውልበትን ዕለት አይቶ፣ ተውሳኩን ጨምሮ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል ብሎ ከአሥር ወር አስቀድሞ ሲናገር ደብሩ ይሰማዋል። ያው ልጅ እህል ረስቶ ሌሊቱን ሲያሰላ ያደረ እንደሆነ ግን፣ «አብሾ ጠጥቷል» ይባላል። ከሸመገለ የቀለም ቀንድ ነው፤ ወጣት ሳለ ግን ያው ቀለም መሳቂያው ነው። በዘመናዊውም ትምህርት ቤት ከዚያው ቃል «ቀለሜ» የሚል ስም አበጅተን፣ ኳስ የማያውቀውን፣ ከሴት ጋር ሲያወራ የሚንተባተበውን፣ መልመጃውን ግን ሳይታዘዝ ሦስት ገጽ ቀድሞ የሚሠራውን ልጅ አሣቀንበት። እኔም አሣቂ ነበርሁ። አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ የመምህራችንን የተበላሸ ሬዲዮ በሚስጥር ፈትቶ በሠራው ጊዜ፣ ሬዲዮው ዜና ሲያሰማ መምህሩ ተደሰተ፤ ክፍሉ ግን «አያቱ ነው በእጁ የሠራለት» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ተወ። ከወንበሩ ከተነሡት አንዱ እኔ ነኝ። ልጁ የዚያን ዓመት ትምህርቱን ተወ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ተለውጧል ይባላል፤ ለውጡንም አልክድም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ፣ «ልጄ ኮድ ይማራል» ማለት «ልጄ ሐኪም ነው» ከማለት ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ጀምሯል። የግእዙ ፊደል ራሱ በስልካችን ላይ የሚነበበው፣ ከማይጨው ዘመን አስቀድሞ ከጽሕፈት መኪና ጋር ሲታገሉ እንደ ኖሩት እንደ አያና ብሩ ያሉ፣ በኋላም በኮምፒዩተሩ ዘመን የፊደሉን ቁጥር እያሰሉ እንቅልፍ ያጡ ቀለሜዎች ስለ ነበሩ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ ሲገባ እልል ያለ ግን ትዝ አይለኝም። ዛሬ ገበሬው የሰሊጡን ዋጋ የሚያነብበው በዚያ ፊደል ነው።

ታዲያ ይህ አክብሮት ከምን ላይ እንደ ተመሠረተ ያወቅሁት ከዚያው ከመተማው ልጅ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥና ወራት ሲቆጠሩ፣ ከጠጋኙ ይልቅ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነው ጎረቤቱ ሆነ የሚፈለገው። እርሱ ደንበኛ ሲያጣ ሱቁን አልዘጋም፤ ከሞቱ ስልኮች ድምፅ ማጉያቸውን እየነቀለ፣ የወደቁ ሬዲዮኖችን እየፈታ፣ ማንም ያላዘዘውን ነገር ሲሠራ ይውል ጀመር። ምን ይሠራ እንደ ነበር ብጠይቀው፣ «ምንም አይደለም ጋሼ፤ የጓንግ ወንዝ ሲሞላ የሚጮህ ነገር ነበር» አለኝ። በዚያው ሰሞን «ኢንጂነር» መባሉ ቀረ። ጎረቤቶች እናቱን፣ «ልጅሽ ብቻውን ያወራል፤ ሳይብስበት ጠበል ውሰጂው» አሏት፤ ወሰደችው። በሦስተኛው የጠበል ቀን የደብሩ ድምፅ ማጉያ ተበላሸና ሰዓታቱ በባዶ ጉሮሮ ሊቆም ሲል፣ ገና ከራሱ ውሃው ያልደረቀለት ልጅ ገመዱን ፈትቶ ሠራላቸው። አጥማቂው ካህን መስቀሉን አሳልመው፣ «አንተስ ምንም የለብህ» ብለው ሰደዱት። እኔ ከሰማሁት ሐተታ ሁሉ ስለዚህ ነገር የተሰጠው ትክክለኛ ፍርድ ይህ ይመስለኛል።

ኔትወርኩ ሲመለስ «ኢንጂነር»ም ተመለሰ። የልጁ ክብር ከኔትወርኩ ማማ ላይ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ይመጣል፣ ከሞገዱም ጋር ይሄዳል። እጁ ሲያስፈልግ እንቀርበዋለን፤ እጁ በማያስፈልግበት ሰዓት ያለውን ያንኑ ዐይን፣ ትንፋሹን ይዞ ሦስት ሰዓት በአንዲት ነጥብ ላይ የሚተከለውን ዐይን፣ እንጠላዋለን፤ ቢሆንም ያለዚያ ዐይን ያ እጅ ከየት ይመጣል? ቀጥቃጩም የተፈራው እሳቱን ሲመለከት ለእኛ ሰላምታ ስላልመለሰ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ተራዬ ከመድረሱ በፊት አንዲት እናት ገቡ። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አወጡ፤ ከመስታወቱ ኋላ የሕፃን የልጅ ልጃቸው ሥዕል ነበረ። ልጁ ስልኩን ሲቀበል መዳፋቸውን በሥዕሉ ላይ ጣል አደረጉ። እርሱ ፈገግ ብሎ መስታወቱን ወደ ታች ገልብጦ ጀርባውን ፈታ። ሥራው እንዳለቀ፣ ስልኩ በርቶ ሕፃኑ ሲስቅ ቢታያቸው፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «እንትፍ፣ እንትፍ! እደግ ልጄ» አሉ። ስልኩና የልጁ ራስ ጎን ለጎን ስለ ነበሩ፣ እንትፍታው በየትኛው ላይ እንዳረፈ እኔ ከተቀመጥሁበት ለማየት አልቻልሁም።