እግር ሲከዳ ሰዓት አይባክን

ሰው ወገቡን ሲያመው «ብርድ መታኝ» ብሎ ጋቢውን ይደርባል። ልማዱ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ደኅና የዋለ ሰው በድንገት ጀርባውን አጥብቆ አሞት፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እግሩ አልታዘዝ ቢለውና ሽንቱ ቢታገድበት፣ ነገሩ የብርድ አይደለም፤ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚሄደው ደም ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

ኅብለ ሰረሰር የአንጎልን ትእዛዝ ለእጅና ለእግር የሚያደርስ፣ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የተሸሸገ ገመድ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮማ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድል ያደረጉት የሻምበል አበበ ቢቂላ እግሮች፣ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰራቸው ሲጎዳ መራመድ ተሳናቸው። የእርሳቸው ጉዳት ከአደጋ የመጣ ነበር፤ እኛ የምንናገርለት ግን ያለ አንዳች ግጭት፣ በደም እጦት ብቻ የሚደርሰውን ነው።

ይህን ገመድ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይመግቡታል። አብዛኛውን ክፍል የሚመግበው የፊተኛው ነው። እርሱ ሲዘጋ፣ ወይም ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር ሲታመም፣ ወይም የደም ግፊት እጅግ ሲወርድ እግር ይሰንፋል፤ የሕመምና የሙቀት ስሜትም ይጠፋል። ሲጋራ፣ የስኳር በሽታና ያልታከመ የደም ብዛት የደም ሥርን ስለሚያበላሹ አደጋውን ያቀርባሉ።

በመቐለ፣ በዓዲ ሓቂው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትማሩ ወጣቶች፣ በየመሥሪያ ቤቱም የተመደባችሁ ሹማምንት ሆይ! ሐኪም ባትሆኑም በቤት ሰው ሲታመም ዘመድ አስቀድሞ የሚጠይቀው የተማረውን ልጅ ነው። «ወጌሻ ይሽው»፣ «እስከ ነገ እንየው» የሚል ምክርም ይበዛል። ወጌሻ ለወለምታ ባለሙያ ነው፤ የተዘጋ የደም ሥር ግን ቀጠሮ አይቀበልም። ደም አጥቶ የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይተካም። እንዲህ ያለውን ምልክት የአከርካሪ ነቀርሳ ወይም ዕጢም ሊያመጣው ስለሚችል፣ ለይቶ የሚያውቀው መርምሮ ያየ ሐኪም ብቻ ነው።

ስለዚህ የተማረው «ዛሬውኑ ወደ ዓይደር ሆስፒታል!» ይበል፤ ሹሙም የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለዚያች ሰዓት አይንፈግ። ትምህርትና ሹመት የሚመዘኑት በእንዲህ ያለው ቀን ነው።