ድምፅሽ አልጠፋም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። «አባታችን ደግሞ ይህን ከየት አመጡት?» እንዳትሉኝ፤ ምክንያቱ የአንዲት እኅታችን እንባ ነው። ይህች እኅት የምትሠራው አል ዐይን ነው። ወደ አቡ ዳቢ መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዕረፍት ቀኗ ደግሞ በሳምንት አንድ ብቻ በመሆኑ ለመዝሙር ጥናት የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ማታ በክፍሏ ሆና ድምፅዋን በስልክ ቀድታ ላከች። በጥናቱ ቀን እኅቶች የተቀዳ የከበሮ ምት በአንድ ፕሮግራም፣ የእርሷን ድምፅ በሌላ ፕሮግራም ከፈቱ። ከበሮው ተሰማ፤ እርሷ ግን አልተሰማችም። ስልክ ተደውሎላት ታዳምጥ ነበርና «ድምፄ ስላላማራቸው ተዉኝ» ብላ አለቀሰች።

ልጄ ሆይ፣ ማንም አልተወሽም። ጉዳዩ የመሣሪያው ነበር።

በኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ሳውንድ ካርድ ይባላል። አንዳንዱ ካርድ ብዙ ድምፆችን ተቀብሎ ራሱ ይቀላቅላል፤ አብዛኛው ግን ተቀላቅሎ የቀረበለትን ብቻ ያሰማል። ያን ጊዜ ማቀላቀሉ የሶፍትዌር ሥራ ይሆናል፤ ከየፕሮግራሙ የመጣውን ድምፅ ደምሮ አንድ አድርጎ ለካርዱ ይሰጣል። አንዱ ፕሮግራም ካርዱን ለብቻው ከያዘ ግን ሌላው ደጅ ይቀራል። በእኛም የሆነው ይህ ነው።

እኔ በተማርሁበት ዜማ ቤት ተማሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ የየራሱን ቀለም ጮክ ብሎ ያዜማል፤ መሪጌታው ግን የማን ዜማ እንደተሰበረ ለይቶ ያውቃል። ኮምፒውተር ያ ጆሮ የለውም፤ ሊነግሩት ይገባል።

አንድ ዲያቆን እንዳሳየን፣ በዊንዶውስ «ሳውንድ» በሚለው ገጽ «ፕሌይባክ» ውስጥ ስፒከሩን መርጣችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «አድቫንስድ» በሉ። በመጀመሪያ ካርዱ የሚችለውን ታያላችሁ፤ 44,100 ወይም 48,000 የሚለው ቁጥር ድምፁ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ያመለክታል። ልዩ ልዩ የሆኑትን ሶፍትዌሩ ወደ አንድ ልክ ያመጣቸዋል። ከዚያም «ኤክስክሉሲቭ» በሚለው ሥር ያሉትን ምልክቶች አጥፉ፤ ካርዱን ለብቻው የሚይዝ ፕሮግራም አይኖርም። በመጨረሻ «ቮልዩም ሚክሰር» ገብታችሁ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ድምፅ ለየብቻ መጥኑ።

መመጠን ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በተለመደው ባለ 16 ቢት ድምፅ ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ከበሮው 20,000፣ ዝማሬው 20,000 ሆነው በአንድ ቅጽበት ቢገናኙ ድምሩ 40,000 ነው። ከልኩ ያለፈው ይቆረጣል፤ ድምፁም ይንሻከካል። ስለዚህ ዝማሬው እንዲሰማ ከበሮው ዝቅ ይላል። ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 በጉባኤ የሚናገሩ ሁሉ ተራ በተራ፣ በሥርዓት እንዲሆን ያዘዘው አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍነው ነው።

አንድ አደራ አለኝ። በክፍላችሁ ስትቀዱ በራችሁን ዝጉ፤ የአሠሪዎቻችሁ ንግግር አብሮ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ መሠረት የሰውን የግል ንግግር ያለ ፈቃዱ መቅዳት ያስቀጣል። ለመዝሙር ብላችሁ እስር ቤት እንዳትገቡብን።

በሚቀጥለው ጥናት ከበሮውን ዝቅ አድርገን ያንኑ ቅጂ ከፈትነው። የአል ዐይኗ እኅታችን ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ እኅቶችም ተከትለዋት ዘመሩ። እናንተም በሩቅ ያለች እኅታችሁ ዝም ያለች ሲመስላችሁ፣ ተዋችን ከማለታችሁ በፊት ደውሉላት፤ እርሷም ተውኝ ብላ ተቀምጣ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።