የኔትወርክ ንግድና የኮሚሽን አከፋፈሉ

የሐሙሲት ነጋዴ ከፎገራ ገበሬ የገዛውን ሩዝ ወረታ ወስዶ አስፈልፍሎ ጎንደር ሲሸጥ፣ ትርፉ ከወዴት እንደ መጣ አይጠፋውም። ደላላውም የሚከፈለው በተሸጠው ኩንታል ልክ ነው። ገንዘቡ የመጣው ሩዙን ቀቅሎ ከሚበላው ሰው ነው።

በየከተማው ባለሱቁንና ወጣቱን የሚጋብዘው የኔትወርክ ንግድ ግን ከትርፉ ምንጭ ይልቅ የክፍያውን ሠንጠረዥ ማሳየት ይወዳል። ሠንጠረዡም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። አንዱ አባሉን በቀኝና በግራ በሁለት ክንፍ ሰው እንዲያሰልፍ ያዝዘዋል፤ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ግን በደካማው ክንፍ ሽያጭ ነውና ብርቱው ክንፍ ብቻውን ምንም አያስገኝም። ሌላው በየደረጃው በመቶኛ ይከፍላል፤ ዳሩ ግን በየወሩ የተወሰነ ዕቃ ያልገዛ አባል ድርሻውን ያጣል። ይህ የኋለኛው ግዴታ በጥቃቅን ፊደል ቢጻፍም ዋናው ነገር እርሱ ነው፤ ሻጭ የተባለው ሰው ራሱ ቋሚ ገዢ ሆኗልና።

ቍጥሩም ቢሆን አያዛልቅም። እያንዳንዱ አባል ስድስት ሰው ያስገባ ቢባል፣ በሰባተኛው ደረጃ ብቻ 279,936 ሰው ያስፈልጋል። ይህን ያህል ሕዝብ በየትኛው ሐሙስ ገበያ ይገኛል?

እርግጥ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 አምዌይ ሕገ ወጥ ፒራሚድ አይደለም ብሎ የወሰነው፣ ኩባንያው ሰው በማስገባት ብቻ ስለማይከፍል፣ ለተጠቃሚ መሸጥን ስለሚያስገድድና ያልተሸጠ ዕቃን መልሶ ስለሚገዛ ነበር። በኢትዮጵያም አዋጅ ቍጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል።

በትንሽ ከተማ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። በሩዝ የከሰረ ነጋዴ በሚመጣው መኸር ሊያካክስ ይችላል፤ አማቱንና የክርስትና ልጁን አግባብቶ ያስገባ ሰው ግን ብራቸው ሲቀልጥ በምን ዓይን ያያቸዋል? ጋባዦቹስ ቢሆኑ የሚነግዱት በዚሁ መተማመን አይደለምን?

ስለዚህ የሚጋበዝ ባለሱቅ የመቶኛውን ብዛት ከማወዳደር በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ባለፈው ወር ከተሸጠው ዕቃ አባል ያልሆነ ሰው የገዛው ስንት እንደ ሆነ፣ ያልተሸጠውንም ኩባንያው በምን ዋጋ እንደሚመልስ። መልሱን በጽሑፍ ካላገኘ ብሩን ለመኸሩ የሩዝ ግዢ ቢያቆየው ይሻለዋል።